«ዝቅ ይመታል» ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካለች አንዲት ካፌ ማኪያቶ አዝዤ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ሁለት ሰዎች ስለ ሽጉጥ ያወራሉ። አንደኛው ፈቃድ ያለው ማካሮቭ አለው፤ በ25 ሜትር ሲተኩስ ጥይቱ ካሰበው ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ ያርፋል። «ዝቅ ይመታል» አለ ቅር ባለው ድምፅ። ጓደኛው ሁሉን አዋቂ ነው። «ማነጣጠሪያው ነዋ! የፊቷን ከፍ ማስደረግ ነው፣ በቃ» አለና የስኳር ማንኪያዋን ከብርጭቆው ጠርዝ በላይ ብቅ እያደረገ አስረዳው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ተኩስ በማስተማር ነው፤ ይቺን «ዝቅ ይመታል» የምትለዋን ከእግዜር ሰላምታ ባላነሰ ሰምቻታለሁ። ብዙ ጊዜ ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፋለሁ። የዚያን ቀን ግን አላስቻለኝም። ምክሩ ተሳስቶ ቢቀር ደግ ነበር፤ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። የፊት ማነጣጠሪያ (አፈሙዙ ጋ ያለችው፣ ዓይን ከኋለኛው ክፍተት ጋር እኩል የሚያደርጋት ጉጥ) ከፍ ባለች ቁጥር ሽጉጡ የባሰ ዝቅ ይመታል።

ለመሆኑ ምን ማለት ነው? ዓይን ያነጣጠረበት ነጥብ አለ፤ ጥይት ያረፈበት ነጥብ አለ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በታች ከዋለ ዝቅ መታ ይባላል። ቃሉ የሚነግረን ይህንኑ ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይናገርም። የሚያሳስተን ሰዋስዉ ይመስለኛል። «ሽጉጡ ዝቅ ይመታል» ሲባል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሽጉጡ ይሆንና ሰውየው ተከናንቦ ይወጣል። «ዝቅ አድርጌ መታሁ» ብሎ የመጣ ተማሪ አንድም ቀን አልገጠመኝም።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከፍ ካስደረጋችኋት የባሰ ይወርዳል» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ሁሉን አዋቂው ዞር ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፊዚክስ ነው። ጥይቱን መሬት ይስበዋል፤ ስለዚህ አፈሙዙ ቀና እንዲል ማነጣጠሪያውም ቀና ማለት አለበት» አለኝ።

እሺ፣ ፊዚክስ ይሁን። የማካሮቭ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ ነው። 25 ሜትር ለመድረስ የሰከንድ 8 መቶኛ ቢፈጅበት ነው። በዚያች ቅጽበት ስበት የሚያወርደው 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በ10 ሜትር ደግሞ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እሱንም ቢሆን ፋብሪካው ማነጣጠሪያውን ሲሠራ አስቦበታል። ስንዝር ሙሉ ለወረደ ጥይት ስበትን መክሰስ፣ ለጎደለ ኩንታል ጤፍ አይጥን እንደ መክሰስ ነው።

ታዲያ ምን ያወርደዋል? ከለገሃር ፒያሳ በሚወጣ ሚኒባስ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ረዳቱ በሩን ወርውሮ ጓ! ሲያደርገው ተሳፋሪው መጀመሪያ ጊዜ የሚደነግጠው ከድምፁ በኋላ ነው። ጥቁር አንበሳ ጋ ሰው ወርዶ በሩ እንደገና ሊዘጋ ሲል ግን ነገሩ ይለወጣል። በሩ ገና መንገድ ላይ ሳለ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ዓይኑ ይጨፈናል፣ ሳንቲም የያዘው እጁ ይጨመደዳል። ቴዎድሮስ አደባባይ ሲደርስ ተሳፋሪው ሰውነቱን የሚያዘው ራሱ አይደለም፣ በሩ ነው። «አልደነገጥኩም» ቢል አትፍረዱበት፤ ከልቡ ነው፣ አላወቀውም።

ሽጉጥም እንዲሁ ነው። ፍንዳታው ጆሮ ላይ፣ ርግጫው መዳፍ ላይ ይመጣል። እጅ ይህን አንዴ ከቀመሰ በኋላ ሳይቀድሙት ልቅደም ይላል። አፈሙዙ ወደ ላይ እንደሚዘል ስላወቀ፣ ምላጩ ተስቦ ሳያልቅ ወደ ታች ይጫነዋል። ጣቶች ሁሉ በአንድ ላይ ይጨብጣሉ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ከሆነ ጥይቶቹ ብዙ ጊዜ ወደ ታችና ወደ ግራ ይሰበሰባሉ። (ምላጭ ያልኩት ጣት የሚስበውን ነው። ብዙ ሰው ቃታ ይለዋል፤ እኔ ቃታ የምለው የሚያቀባብሉበትን ነው፣ በዚህ ግን ከሰው ጋር መጣላት ትቻለሁ።)

ሚኒባሱን ገና አልጨረስኩበትም። ረዳቱ በሩን ወርውሮ፣ ሊዘጋ አንድ ስንዝር ሲቀረው በእጁ ቢይዘውስ? ድምፅ የለም፤ ተሳፋሪው ግን ተሸማቅቋል፣ ሳንቲሙም ወለል ላይ ነው። አሁን እሱም ራሱን አየ፣ እኛም አየነው። በተኩስ ቦታ ይህንን የምናደርገው ባሩድ የሌለውን የልምምድ ጥይት ሳንናገር ከእውነተኞቹ ጋር ካዝናው ውስጥ በመቀላቀል ነው። እውነተኛው ጥይት ሲፈነዳ ርግጫው የእጁን ጥፋት ይሸፍነዋል፤ ሁሉም ነገር ስለሚንቀሳቀስ ማን ቀድሞ እንደተንቀሳቀሰ አይለይም። ባዶዋ ተራዋ ሲደርስ ግን መሸፈኛ የለም።

አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ደረተ ሰፊ፣ በእጁ የሚተማመን። ሽጉጡ መቀየር እንዳለበት ሦስት ቀን ሲከራከረኝ ከረመ። ካዝናውን እኔ ሞላሁለት። ሁለት ተኮሰ። በሦስተኛው «ቀጭ» ብቻ አለ፤ አፈሙዙ ግን ዶሮ ጥሬ ስትለቅም እንደምትሰብረው አንገት ወደ ታች ተሰበረ። ሽጉጡን አየ፤ እኔን አየ። «ከሸፈ» አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም። ሌላ ካዝና ሰጠሁት።

የጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ወጣት በሩ አጠገብ ሲቀመጥ ያን ያህል እንደማይሸማቀቅ አስተውላችኋል? ተኩስ ላይም የጆሮ መከላከያ የሚያደርግ ሰው ቶሎ ይስተካከላል፤ ከድንጋጤው ብዙው ከድምፅ ነው። ያለ መከላከያ መተኮስን እንደ ጀግንነት የሚቆጥሩ ሰዎች በሃምሳ ዓመታቸው «ምን አልክ?» ሲሉ ይኖራሉ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ማካሮቭ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። መዶሻው ሳይነሳ የሚተኮሰው የመጀመሪያው ጥይት ምላጩ ረጅምና ከባድ ነው፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ይቀላል። የመጀመሪያው ብቻ ወርዶ ቀሪዎቹ ከተስተካከሉ፣ ማነጣጠሪያ ነክቶ የሚድን ነገር የለም። ማነጣጠሪያው ለሁሉም ያው ነውና።

እጅ ስንት ቢንቀሳቀስ ነው ስንዝር የሚያወርደው? በማካሮቭ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት 130 ሚሊ ሜትር ነው። የፊቷ ጫፍ ከኋለኛው ክፍተት ውስጥ 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብትል በ25 ሜትር ጥይቱ 19 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። 1 ሚሊ ሜትር! ስለዚህ «እኔ እንኳን ብዙ አልተንቀሳቀስኩም» የሚለው ሰው እውነቱን ነው። ብዙ መንቀሳቀስ አያስፈልግም።

ማነጣጠሪያው በእርግጥ የሚሳሳትበት ጊዜ የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ። የሚታወቀው ግን በማንኪያ ሳይሆን እጅን ከነገሩ በማውጣት ነው። እጅ በአሸዋ ከረጢት ላይ ያርፋል፤ አምስት ጥይት ቀስ ተብሎ ይተኮሳል፤ ከዚያ ሌላ ሰው፣ በደንብ የሚተኩስ፣ በዚያው ሽጉጥና በዚያው ጥይት ይደግማል። የሁለቱም ጥይቶች ተጠጋግተው እዚያው ታች ከተሰበሰቡ ሽጉጡ ይጠየቅ። የአንደኛው ብቻ ከወረደ ወይም እንደ ተበተነ ባቄላ እዚህም እዚያም ከሆነ፣ ሽጉጡን ተዉት። (ድንጋጤውን አጥብቆ የለመደ ሰው ሁሌም በአንድ መጠን እያወረደ ተጠጋግቶ ሊመታ ይችላል፤ ሁለተኛው ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።)

ሽጉጡ ጥፋተኛ ሆነ እንበል። ሕጉ አጭር ነው። የኋላ ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት ይሄዳል፤ የፊቷ ደግሞ በተቃራኒው። ጥይቱ ከፍ እንዲል የኋለኛው ከፍ ይላል ወይም የፊቷ ታጥራለች። ለምን? ዓይን ሁልጊዜ የፊቷን ጫፍ ከኋለኛው ጋር እኩል ያደርጋል። የፊቷ ረጅም ከሆነች እኩል ለማድረግ አፈሙዙን ዝቅ ከማድረግ በቀር ምርጫ የለውም። ማንኪያዋን ከፍ ያደረገው ሰው ብርጭቆውን ማዘንበል ረስቷል። የማካሮቭ የፊት ማነጣጠሪያ ከስላይዱ (ሲተኮስ ወደ ኋላ ከሚንሸራተተው የላይኛው ብረት) ጋር አንድ አካል ናት፤ ተነቅላ አትቀየርም። «ከፍ ማስደረግ» ማለት ብየዳ ሊሆን ነው! መሞረድም ቢሆን መመለሻ የለውም። አንድ ጊዜ ሞርደው ካለፏት ሽጉጡ ዕድሜ ልኩን ከፍ ሲመታ ይኖራል። በዚያ ላይ የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነገር ነው፤ ሞረድ ያለው ሁሉ የሽጉጥ ጠጋኝ አይደለም።

ስለ ጥይት ክብደትም አንድ ነገር ልበል፤ ይህም በግልባጩ ነው የሚወራው። «ከባድ ጥይት ስለሚከብድ ይወርዳል» ይባላል። በሽጉጥ ርቀት ከባዱና ዘገምተኛው ጥይት አብዛኛውን ጊዜ ከቀላሉና ከፈጣኑ ከፍ ብሎ ያርፋል። በርሜሉ ውስጥ ጥቂት ስለሚቆይ ርግጫው አፈሙዙን ማንሳት ሲጀምር እሱ ገና አልወጣም። 9 በ19 ሚሊ ሜትር የሚባለውን የሽጉጥ ጥይት የሚተኩሱ ሰዎች የ7.5 ግራሙን በ9.5 ግራም ሲቀይሩ ያዩታል። ለውጡ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ስንዝር አይሆንም።

ይህን ያነበበ ሰው ቤቱ ገብቶ ያለ ጥይት ምላጭ በመሳብ መለማመዱ አይቀርም። ጥሩ ልምምድ ነው፤ እኔም አዝዛለሁ። ነገር ግን ካዝናው ይውጣ፣ ከዚያ ቃታው ወደ ኋላ ተስቦ ከበርሜሉ ኋላ ያለው የጥይት ማደሪያ በዓይንም በጣትም ይታይ፣ ጥይት የሚባል ነገር ሌላ ክፍል ይሁን፣ አፈሙዙም ጎረቤት ወዳለበት ግድግዳ አይዙር። ካዝና መንቀል ብቻውን ሽጉጥን ባዶ አያደርግም። «ባዶ ነው» የተባለ ሽጉጥ ስንት ቤት እንዳጨለመ ፖሊስ ይጠየቅ።

ወደ ካፌዋ ልመለስ። ሁሉን አዋቂው ስልኩን ማየት ጀምሯል። ባለ ሽጉጡ ግን ወንበሩን ወደ እኔ ጠጋ አደረገ። «የት ላይ ነው የምታነጣጥረው?» አልኩት። «ከጥቁሩ ክብ ስር፣ ልክ ሲነካው» አለኝ።

ይህን መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ። በ25 ሜትር የውድድር ዒላማ ላይ ጥቁሩ ክብ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። አንዳንዱ ሽጉጥ የሚስተካከለው ከክቡ ስር ተነጣጥሮ መሃሉን እንዲመታ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ያነጣጠሩበትን ራሱን እንዲመታ። የእሱ ሽጉጥ ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ጥይቱ የታዘዘበት ነው የሄደው፤ ከመሃል 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚለው በማንም ጥፋት አይደለም።

«እኔ ግን የምለው 20 ነው» አለ፣ ስንዝሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እያሳየኝ።

ግማሹን በጣቴ ሸፈንኩለት። የቀረውን ለማወቅ ቅዳሜ ጠዋት ተኩስ ቦታ እንገናኛለን፤ ካዝናውን የምሞላው እኔ ነኝ።