«ደብል ነው ዳኛ!» የኳስ ንክኪ ዳኝነት በአዲስ አበባ ዳርቻ ሜዳዎች

እሁድ ጠዋት በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶ ወይም በቡራዩ ብትዘዋወሩ የመረብ ኳስ መረብ የተወጠረበት ሜዳ አታጡም። አንዳንዱ የትምህርት ቤት ግቢ ነው። አንዳንዱ በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መሃል ያለ ክፍት ቦታ ነው። መስመሩ በኖራ ይሰመራል፣ ነፋስ ሲመጣ አቧራው ይነሳል። ጨዋታው ሲሞቅ ደግሞ አንድ ጩኸት አይቀርም፦ «ደብል ነው ዳኛ!»

ይህን ጩኸት በፊሽካ ወይም በዝምታ መመለስ ከመረብ ኳስ ዳኝነት ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ነው። ኳስ መስመር ነካ አልነካ ምልክት ይተዋል። እጅ ላይ የሆነው ነገር ግን ዓይን እስኪርገበገብ ያልፋል።

ደንቡ ኳስ በመንካት ላይ አራት ጥፋቶችን ይቆጥራል። ቡድኑ ኳሱን አራተኛ ጊዜ ከነካ ጥፋት ነው፤ ብሎክ ላይ፣ ማለትም መረቡ አጠገብ የተጋጣሚን ኳስ ለማገድ ሲዘሉ፣ የተነካው አይቆጠርም። ተጫዋች ከጓደኛው ወይም ከሌላ ነገር ድጋፍ ወስዶ ኳስ ላይ መድረስም አይችልም። እነዚህ ሁለቱ ብዙ አያጨቃጭቁም። የሚያጨቃጭቁት መያዝና ደብል ናቸው። መያዝ ማለት ኳሱ መንጠሩ ቀርቶ እጅ ላይ ሲቆም ወይም ሲወረወር ነው። ደብል ደግሞ አንድ ተጫዋች ኳሱን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሲነካው፣ ወይም ኳሱ ከአንዱ የሰውነት ክፍል ቀጥሎ ሌላውን ሲነካ ነው።

ብዙ ተመልካች የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ አለ። በቡድኑ የመጀመሪያ ንክኪ ላይ፣ ለምሳሌ ሰርቭ (ጨዋታውን የሚያስጀምረውን ምት) ሲቀበሉ ወይም በኃይል የተመታ ኳስ ሲመልሱ፣ በአንድ እንቅስቃሴ ውስጥ የሆነ ደብል አይቀጣም። ኳሱ ክንድ ነክቶ ደረት ቢመታ ጨዋታው ይቀጥላል። መያዝ ግን በመጀመሪያውም ንክኪ አይፈቀድም። በእግር መንካትም ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ የተፈቀደ ነው። ሁለት ተጋጣሚዎች ከመረቡ በላይ ኳሱን እኩል ነክተው ቢገፋፉም አይነፋም።

ሌላው የተለመደ ስህተት በኳሱ መሽከርከር መፍረድ ነው። ሴተሩ (ለአጥቂው ኳስ የሚያመቻቸው ተጫዋች) ኳሱን ሲያቀብል ከተሽከረከረ ሰው ሁሉ «ደብል» ይላል። መሽከርከር በራሱ ጥፋት አይደለም። ድምፅም አይደለም። የተጫዋቹ አቋም ማስጠላቱም አይደለም። ዳኛው የሚፈርደው እጅና ኳስ በተገናኙባት ቅጽበት ብቻ ነው። በዳር ሜዳዎቻችን ነፋሱ ኳሱን ስለሚያወላውለው ሴተሩ በመጨረሻዋ ሰዓት እጁን ያስተካክላል፣ ነገሩ አስቀያሚ ይመስላል። አስቀያሚ ስለሆነ ብቻ ነጥብ መውሰድ ልጁን መበደል ነው።

ውሳኔው የአንደኛ ዳኛው ነው። እሱ ከመረቡ አንድ ጫፍ ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ይሆናል፤ ዓይኑ ከመረቡ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሊል ይገባል። የወንዶች መረብ 2.43 ሜትር፣ የሴቶች 2.24 ሜትር ነው። እኛ ጋ መቆሚያው ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ የተጫነ ወንበር ነው። ወንበሩ ሲወዛወዝ ዳኛው ሚዛኑን ይጠብቅ ወይስ የሴተሩን ጣት ይይ? አዘጋጆች ከሁሉ በፊት መቆሚያውን ቢያጠብቁ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀል ነበር።

ሁለተኛ ዳኛው በተቃራኒው ጫፍ መሬት ላይ ይቆማል። የመረብ ንክኪን፣ የመሃል መስመርን ማለፍንና የተቀባዩን ቡድን የአቋቋም ስህተት እሱ ይነፋል። ደብልና መያዝ ላይ ግን አይነፋም። ከሥልጣኑ ውጭ ያለ ጥፋት ካየ ሳይነፋ በምልክት ማሳወቅ ይችላል፤ ሙጭጭ ማለት ግን አይፈቀድለትም። ምልክቶቹ ቀላል ናቸው። ለደብል ሁለት ጣት፣ ለአራት ንክኪ አራት ጣት፣ ለመያዝ ደግሞ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ ክንድን ቀስ ብሎ ማንሳት። ሁለተኛ ዳኛው ሲጠቁም ግን እጁን ደረቱ አጠገብ አድርጎ በትንሹ ነው የሚያሳየው። ተመልካቹ ካየው አንደኛ ዳኛውን ችግር ውስጥ ይከተዋል።

ታዲያ መቼ ይጠቁም? ይህ ከጨዋታው በፊት መነጋገርን ይጠይቃል፣ በዳር ሜዳዎች የሚጎድለውም ይኸው ነው። አንዱ ዳኛ ከሰሚት፣ ሌላው ከለገጣፎ ታክሲ ተሳፍሮ ይመጣል። ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ይጨባበጣሉ፣ ፊሽካው ይነፋል።

ይህ በራሴ ላይ ደርሷል። በአንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ሁለተኛ ዳኛ ነበርኩ። አንደኛው በዕድሜም በልምድም የሚበልጠኝ ሰው ነው። ሴተሩ ጀርባውን ለእሱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ኳሱን ተቀበለ። ኳሱ መዳፉ ላይ ቁጭ ብሎ ተነሳ። እኔ ፊት ለፊት አየሁት፣ ለአንደኛው በጀርባው ተጋርዶበታል። ስላልተነጋገርን እጄ እንደወረደ ቀረ። ነጥቡ ለጥፋተኛው ቡድን ሆነ፣ ሜዳው ተናወጠ።

በእረፍቱ ሄጄ «ጋሼ፣ ያቺ ኳስ ተይዛ ነበር» አልኩት።

«ለምን አላሳየኸኝም? ጀርባ ሲሰጡኝ ደረትህ ላይ አሳየኝ። ካልነፋሁ ግን ተወው» አለኝ።

በሁለተኛው ዙር ያው ነገር ተደገመ። መዳፌን ደረቴ ላይ ከፈትኩ፣ ወዲያው ነፋ። ማንም አላየኝም። ትንሽ ቆይቼ ለሌላ ኳስ ሁለት ጣት አሳየሁ፤ አልተቀበለኝም። እጄን አወረድኩ።

ለእኔ ከጥብቅነትም ከልልነትም የሚበልጠው አንድ ዓይነት መሆን ነው። በመጀመሪያው ዙር ያለፈ ንክኪ በአምስተኛው ዙር 14 ለ 14 ላይ ከተነፋ ተጫዋች የቱን ይመን? ሁለተኛ ዳኛው እዚህም ይጠቅማል። አሰልጣኞች በንክኪ ሲያጉረመርሙ በቅርብ የሚሰማውና የሚያረጋጋው እሱ ነው። በእረፍት ላይም «ለሁለቱም እኩል እየሄድክ ነው» ወይም «በግራ በኩል ባለው ቡድን ላይ አጥብቀሃል» ሊለው ይችላል። ማብራሪያ መጠየቅ የሚችለው ግን የሜዳው አምበል ብቻ ነው፣ አንደኛ ዳኛውም መመለስ አለበት።

ወጣቶች አሁን በስልካቸው የውጭ ጨዋታ እያዩ ይመጣሉ። የአሜሪካ ኮሌጆች ሴቶች ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በሁለተኛው ንክኪ የሚሆን ደብልን፣ ኳሱ ወደ ተጋጣሚ ሜዳ እስካልተሻገረ ድረስ፣ መቅጣት ትቷል። ያ የእነሱ የውስጥ ደንብ ነው፤ በእኛ ሜዳ አይሠራም። በትልልቅ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ቪዲዮ መረብ መነካቱንና ኳስ መውጣቱን ያጣራል። ደብልና መያዝ ግን እዚያም ለዳኛው ዓይን ተትተዋል።

ከዚያች እሁድ ወዲህ ከማንም ጋር ስመደብ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ደሞዝም ስለ ሰዓትም አይደለም። «ጀርባ ሲሰጡህ ምን ላሳይህ?» እላለሁ።