የፊላደልፊያ የመሐላ ዝርዝር ምንድን ነው?

በ18ኛው መቶ ዘመን ከጀርመን ምድር ተነሥተው በሰሜን አሜሪካ ወደነበሩት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የፈለሱ ሰዎች ተወላጆች፣ የዘር ሐረጋቸውን ሲፈልጉ ከሁሉ አስቀድመው የሚያገላብጡት በተለምዶ የፔንስልቬንያ የመርከብ ዝርዝር የሚባለውን መዝገብ ነው። ስያሜው የመንገደኞች መዝገብ ያስመስለዋል። አብዛኛው ክፍሉ ግን የፊርማ ወረቀት ነው፤ በፔንስልቬንያ ቅኝ ግዛት ፊላደልፊያ ወደብ የደረሱ የውጭ አገር ወንዶች ለእንግሊዝ ንጉሥና ለቅኝ ግዛቱ ባለቤቶች ለፔን ቤተሰብ ታማኝ እንደሚሆኑ የማሉበትና ስማቸውን ያኖሩበት ሰነድ። መዝገቡ ምን እንደሚነግረንና ምን እንደሚሸሽገን የሚወስነው ይኸው ጠባዩ ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ የመሐላ ዝርዝር እያልሁ እጠራዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጀርመኖች ፔንስልቬንያ መግባት የጀመሩት ቀደም ብሎ ነው። ከክሬፌልድ ከተማ የተነሡ አሥራ ሦስት ቤተሰቦች በ1683 ኮንኮርድ በተባለችው መርከብ ተሳፍረው በመምጣት፣ ከፍራንሲስ ዳንኤል ፓስቶሪየስ ጋር በፊላደልፊያ አጠገብ ጀርመንታውንን መሥርተዋል። ቁጥራቸው እየበዛ የሄደው ግን በቀጣዩ መቶ ዘመን ሲሆን፣ ቋንቋቸውንም ሕጋቸውንም የማያውቅ ሕዝብ በየዓመቱ በመርከብ እየተጫነ ሲራገፍ የቅኝ ግዛቱ ሹማምንት ሠጉ። በሴፕቴምበር 14 ቀን 1727 በአገረ ገዢው ፓትሪክ ጎርደን የሚመራው ምክር ቤት፣ እንዲህ ያሉ ሰዎችን የሚያመጣ ካፒቴን ሁሉ የእያንዳንዱን ስም፣ ሙያና የመጣበትን ቦታ ጽፎ እንዲያስረክብ፣ ስደተኞቹም የታማኝነት ቃል እንዲፈርሙ ወሰነ። ከሳምንት በኋላ በውሳኔው መሠረት የመጀመሪያው ዝርዝር ቀረበ፤ ዊልያም ሂል የተባለው ካፒቴን ከሮተርዳም ተነሥቶ በዶቨር በኩል ባመጣት ዊልያም ኤንድ ሳራ በተባለችው መርከብ የመጡ 109 ወንዶች ተመዘገቡበት። ከቤተሰቦቻቸው ጋር 400 ያህል ነበሩ። ከዚያ አንሥቶ የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት እስከፈነዳበት እስከ 1775 ድረስ ከ300 በላይ መርከቦች በዚሁ ሥርዓት አልፈዋል።

ምክር ቤቱ ካዘዘው ውስጥ ዛሬ ለትውልድ ፈላጊው እጅግ ይጠቅመው የነበረው ነገር ሳይፈጸም ቀረ። ካፒቴኖቹ የመጡበትን ቦታ መንደር ከመንደር ለይተው የጻፉት ከስንት አንዴ ነው። በወረቀቶቹ ላይ የሚደጋገመው «ፓላቲን» የሚለው ቃል ሲሆን፣ ይህም በመነሻው የራይን ወንዝን ተከትሎ የሚገኘውን የፓላቲኔትን ግዛት ሰው የሚያመለክት ቢሆንም በእንግሊዞቹ አፍ ከቩርተምበርግም፣ ከባደንም፣ ከአልዛስም፣ ከሄሰንም፣ ከስዊዘርላንድም የመጣውን ሁሉ የሚጠቀልል መጠሪያ ሆኗል። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ፓላቲን መባሉን ብቻ ይዞ ቅድመ አያቱን በፓላቲኔት መንደሮች የሚፈልግ ሰው ብዙ ዓመት በከንቱ ሊደክም ይችላል።

ለአንድ መርከብ እስከ ሦስት ዝርዝር ሊገኝ ይችላል። የመጀመሪያው ካፒቴኑ ወይም ጸሐፊው ያዘጋጀው የስም ዝርዝር ነው፤ ሁለተኛው ለንጉሡ የታማኝነት መሐላ የተፈረመበት ነው፤ ጥቂት ዘግይቶ የተጨመረው ሦስተኛው ደግሞ የሮማውን ጳጳስ ሥልጣንና ከእንግሊዝ ዙፋን የወረደውን የስቱዋርትን ንጉሣዊ ቤት የንግሥና ጥያቄ እንደማይቀበሉ የማሉበት ነው። በመሐላዎቹ ላይ የሚገኙት ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ወንዶች ብቻ ናቸው። የካፒቴኖቹ ዝርዝር ከግማሽ በታች ለሚሆኑት መርከቦች ብቻ ተርፏል፤ በተረፈበት ግን ዋጋው ብዙ ነው፤ ምክንያቱም በሕመም ምክንያት ወደ ፍርድ ቤቱ መጥተው መማል ያልቻሉ ሰዎች ስማቸው የሚገኘው በእርሱ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ካፒቴንም ዕድሜያቸውን፣ አልፎ አልፎም የሴቶችንና የልጆችን ስም ጽፏል።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብን ነው። ካፒቴኑ እንግሊዛዊ ነው፤ የሚጽፈው በጆሮው የሰማውን ነው። ጀርመናዊው ገበሬ «ሃንስ ዮርግ» ብሎ ስሙን ሲናገር እንግሊዛዊው «ሃንስ የሪክ» ብሎ ይጽፈዋል። በእኛ አጠራር ዮሐንስ ጊዮርጊስ የሆነው ይህ ስም በዝርዝሩ ላይ በስንት ዓይነት እንደተጻፈ ለማየት ጥቂት ገጾችን መግለጥ ይበቃል። በመሐላው ወረቀት ላይ ግን ያው ሰው ብዕር ጨብጦ በጀርመን የእጅ ጽሕፈት ስሙን ራሱ ጽፏል፤ ያ ፊርማ የቤተሰቡን ስም እርሱ እንዴት ይጽፈው እንደነበር የሚያሳይ ከአሜሪካ ሕይወቱ የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። መጻፍ የማይችለው መስቀል ወይም የስሙን መነሻ ፊደል የመሰለ ምልክት ያኖራል፤ በምልክቱ ዙሪያ ስሙን የሚጽፍለት ጸሐፊው ስለሆነ እንደገና በእንግሊዛዊ ጆሮ ወደ ተሰማው አጻጻፍ እንመለሳለን። ስለዚህ አንድ ስም ባገኘን ቁጥር ሰውየው ፈረመ ወይስ ምልክት አደረገ ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። በ1934 ራልፍ ቢቨር ስትራስበርገርና ዊልያም ጆን ሂንኪ ዝርዝሮቹን በሦስት ቅጽ ሲያሳትሙ አንዱን ቅጽ ሙሉ በሙሉ ለፊርማዎቹ ምስል መስጠታቸው፣ እንደ እኔ እምነት፣ ለዚህ ጥናት የተደረገ ታላቅ ውለታ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ መገለጽ ያለበት ነገር አለ። እኛ ዘንድ ልጅ በአባቱ ስም ስለሚጠራ ስሙ በየትውልዱ ይለወጣል፤ ቋሚ የቤተሰብ ስም ያለው ሕዝብ ግን ዘሩን ለመቁጠር የማይቸገር ይመስለናል። በጊዜው አብዛኞቹ የጀርመን ቤተሰቦች ቋሚ ስም ነበራቸው፤ ቋሚ የሆነ አጻጻፍ ግን አልነበራቸውም። በራይን አካባቢ አነጋገር ብ እና ፕ፣ ድ እና ት፣ ግ እና ክ እርስ በርስ ስለሚቀያየሩ በአንድ ደብር መዝገብ ውስጥ እንኳ አንዱ ስም በሁለት መልክ ይገኛል። አሜሪካ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ስሞቹ በሁለት መንገድ ተለወጡ። አንዱ በድምፅ ነው፦ ዩንግ ያንግ ሆነ፣ ሽናይደር ስናይደር፣ ኩን ኩን እንደሆነ ቢቀርም በእንግሊዝኛ ፊደል ሌላ መልክ ያዘ። ሁለተኛው በትርጉም ነው፦ አናጺ ማለት የሆነው ሲመርማን ካርፔንተር፣ ጥቁር ማለት የሆነው ሽቫርትስ ብላክ፣ ንጉሥ ማለት የሆነው ኮኒግ ኪንግ ተባለ። ወንድማማቾች አንዱ በድምፅ ሌላው በትርጉም የሄዱበት ጊዜ ስላለ፣ ካርፔንተር የሚባል ቤተሰብ ከሲመርማን ቤተሰብ ጋር የሥጋ ዝምድና ሊኖረው ይችላል። ስሙን ወደብ ላይ የመንግሥት ሹም ለወጠው የሚለው በየቤተሰቡ የሚነገር ታሪክ ግን ለዚህ ዘመን አይሠራም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ኤሊስ ደሴት የተከፈተው በ1892 ነው። ለውጡ የመጣው ቀስ በቀስ፣ በግብር መዝገብ፣ በመሬት ውልና በእንግሊዛውያን ጎረቤቶች አፍ ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በ1954 በዋሽንግተን የተቀበሏቸው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር የዚህ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ከቀደምት አባቶቻቸው አንዱ የሆነው ሃንስ ኒኮላውስ አይዘንሃወር ዛሬ በዛርላንድ ክፍለ ግዛት ከምትገኘው ካርልስብሩን ከተባለች መንደር ተነሥቶ በ1741 ፔንስልቬንያ ገባ፤ በአማርኛ ፊደል ሁለቱ ስሞች አንድ ቢሆኑም፣ በጀርመንኛ የሚጻፍበት ሆሄ በአሜሪካ ተለውጦ ፕሬዚዳንቱ የሚታወቁበት መልክ ያዘ። የሌላው ፕሬዚዳንት የኸርበርት ሁቨር አባቶች ደግሞ ሁበር ይባሉ ነበር፤ አንድሬያስ ሁበር በ1738 ነው ፊላደልፊያ የደረሰው።

የመጠሪያ ስምም የራሱ ወጥመድ አለው። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ወንዶች ልጆች ሁሉ «ዮሐን» የሚል መነሻ ስም በጥምቀት ይሰጣቸውና የሚጠሩት ግን በሁለተኛው ነው፤ ዮሐን ፍሪድሪሕ ለሰዎች ፍሪድሪሕ ነው፣ ወንድሙ ዮሐን ፔተር ደግሞ ፔተር። በመሐላው ላይ ፍሪድሪሕ ብሎ የፈረመውን ሰው በጀርመኑ የጥምቀት መዝገብ ዮሐን ተብሎ ካገኘን ሌላ ሰው ነው ብለን መጣል አይገባም። ብቻውን «ዮሐንስ» የተባለው ግን በዚያው ስም የሚጠራ ነው፤ ሃንስ የሚባለውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

ሚስቶችና ሕፃናት ከመሐላው ውጭ ስለሆኑ የእነርሱ ዱካ የሚፈለገው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ሉተራናዊው ፓስተር ሄንሪ ሜልኪዮር ሙህለንበርግ በ1742፣ የካልቪንን ትምህርት የሚከተለው የሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሚካኤል ሽላተር በ1746 መጥተው ምእመናኑን ከማደራጀታቸው በፊት፣ ዮሐን ካስፐር ሽቶቨር ከመንደር መንደር እየዞረ ያጠመቃቸውንና ያጋባቸውን ከ1730 ጀምሮ በራሱ መዝገብ አኑሯል። በጥምቀት መዝገብ ላይ ከወላጆቹ ቀጥሎ ለሚጻፉት የክርስትና አባትና እናት ልዩ ትኩረት መስጠት ይገባል። ሕፃኑ ብዙ ጊዜ የሚሰየመው በእነርሱ ስም ነው፤ እነርሱም በአብዛኛው የእናቲቱ ወይም የአባትየው ወንድም፣ እኅት ወይም የአገር ቤት ጎረቤት ናቸው። የቤተሰቧ ስም የጠፋባትን እናት ማንነት የሚገልጠው ብዙ ጊዜ የክርስትና እናቲቱ ስም ነው።

ስምን ብቻ ይዞ መሄድ ግን አደገኛ ነው። ዮሐንስ ሙለር የሚባሉ ሰዎች በዝርዝሮቹ ላይ ብዙ ስለሆኑ፣ የእኛው የትኛው እንደሆነ የሚነግረን አብረውት የፈረሙት ናቸው። ከአንድ መንደር የተነሡ ሰዎች በአንድ መርከብ ተሳፍረው፣ ተከታትለው ፈርመው፣ በፔንስልቬንያም በአንድ ሸለቆ አጠገብ ለአጠገብ መሬት ይይዙ ነበር። ከላይና ከታች ያሉትን አሥር ስሞች በጀርመን መንደሮች መዝገብ ማመሳከር አንዱን ስም በሺህ መንደሮች ከመፈለግ በእጅጉ ይሻላል። በጀርመን በኩል ደግሞ ብዙዎቹ ለገዢዎቻቸው ገባር ስለነበሩ ለመውጣት ፈቃድ መጠየቅና ከንብረታቸው ግብር መክፈል ነበረባቸው፤ የዚህ ጉዳይ ወረቀቶች በካርልስሩሄና በሽፓየር ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ ፈቃድ የጠየቀበት መንደርም በግልጽ ይጻፋል። ሳይፈቀድለት የወጣው ሰው ግን በዚያ አይገኝም። የመርከብ ዋጋውን መክፈል አቅቶት ለተወሰኑ ዓመታት ጉልበቱን ሸጦ ዕዳውን የከፈለውም ከመሐላው በኋላ ከጌታው ቤት ተቀምጦ ስለሚሠራ፣ በመሬትና በግብር መዝገብ ብቅ የሚለው ዘግይቶ ነው፤ መዘግየቱ ሌላ ሰው ነው አያሰኝም።

ቀኖችን ሲያመሳክሩ ሁለት አቆጣጠር መኖሩን ማስታወስ ያስፈልጋል። የጀርመን ፕሮቴስታንት ግዛቶች በ1700 የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ሲቀበሉ እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 በአሮጌው ቆይተዋል፤ ልዩነቱ 11 ቀን ነው፤ እንግሊዞቹም አዲስ ዓመታቸውን እስከዚያ ድረስ ማርች 25 ቀን ይጀምሩ ነበር። በየዕለቱ በሁለት ዘመን አቆጣጠር ለምንኖር ለእኛ ይህ አስቸጋሪ አይደለም።

በዝርዝሩ ላይ ስም አለመገኘቱ ሰውየው አልመጣም ማለት አይደለም። ከ1727 በፊት የገባ በመሐላው አልፎ አያውቅም፤ በ1710 በአገረ ገዢው ሮበርት ሃንተር ወደ ኒው ዮርክ የተወሰዱት በሺህ የሚቆጠሩ ፓላቲኖች የተመዘገቡት በእርሱ የቀለብ ሒሳብ ላይ ነው፤ በደቡብ ካሮላይናው ወደብ በቻርልስተን የገባም በፊላደልፊያ አይፈለግም። መንደሩ ከተገኘ በኋላም ቢሆን ጥናቱ ራይን ላይ አይቆምም፤ ከ1618 እስከ 1648 በተደረገው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ፓላቲኔት ብዙ ሕዝቡን አጥቶ ስለነበር ከጦርነቱ በኋላ ከዙሪክና ከበርን ገጠሮች ብዙ ቤተሰቦች መጥተው ሰፍረውበታል፤ የፓላቲኔቱ የደብር መዝገብ በ1650ዎቹ ሲያልቅ ፍለጋው ወደ ስዊዘርላንድ ደብሮች መዝገብ ይሻገራል።