ብሪክስ መግባትና ባንኩ ውስጥ መግባት የተለያዩ ናቸው

ጅማ ሂርማታ ገበያ ላይ ስለ ዶላር ወሬ በተነሳ ቁጥር «ብሪክስ ገብተን የለ እንዴ! ከእንግዲህ አይኤምኤፍ (ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። የተማረውም፣ ያልተማረውም ይለዋል። ስህተት ነው።

ኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የብሪክስ አባል ናት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብራዚል፣ ሩሲያ፣ ህንድ፣ ቻይናና ደቡብ አፍሪካ የመሠረቱት ብሪክስ ግን የመንግሥታት መድረክ እንጂ ካዝና ያለው ድርጅት አይደለም። የሚያበድረው አምስቱ መሥራቾች ያቋቋሙትና መቀመጫውን ሻንጋይ ያደረገው አዲሱ የልማት ባንክ ነው። እዚያ ለመግባት ለብቻው ማመልከት፣ የገዥዎች ቦርዱን ይሁንታ ማግኘትና አክሲዮን መግዛት ያስፈልጋል። ባንግላዴሽ የብሪክስ አባል ሳትሆን በ2021 ባንኩን ተቀላቅላለች። ድምፅም ቢሆን በአክሲዮን ልክ ነው፤ የአምስቱ መሥራቾች ድርሻ ተደምሮ ከ55 በመቶ በታች አይወርድም፣ መሥራች ያልሆነ አንድ አገር ደግሞ ከ7 በመቶ በላይ ሊይዝ አይችልም።

የምንዛሪ ችግር ሲመጣ ይደርስልናል የሚባለው የብሪክስ የ100 ቢሊዮን ዶላር የመጠባበቂያ ስምምነት የአምስቱ መሥራቾች ብቻ ነው። እነሱም ቢሆኑ ያለ አይኤምኤፍ ፕሮግራም ማውጣት የሚችሉት ከተፈቀደላቸው 30 በመቶውን ነው። የደቡብ አፍሪካ ጣሪያ 10 ቢሊዮን ነው፤ ከ3 ቢሊዮን በላይ ከፈለገች ከአይኤምኤፍ ጋር መስማማት አለባት። የእኛን ዕዳ ሽግሽግም ተመልከቱ። የአበዳሪ መንግሥታቱን ኮሚቴ ከፈረንሳይ ጋር በጋራ የመራችው ቻይና ናት፤ ድርድሩ ግን የተያያዘው በሐምሌ 2024 ከጸደቀው የአይኤምኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም ጋር ነው።

ሌላም ይባላል፦ «የአፍሪካ ኅብረት ጂ20 (የትልልቅ ኢኮኖሚዎች መድረክ) ስለገባ ኢትዮጵያም ገብታለች።» አልገባችም። በ2023 ወንበሩን ያገኘው ኅብረቱ ነው፤ በራሷ ስም የምትቀመጠው አፍሪካዊት አገር ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት።

«የምሥራቁ፣ የእነ ቻይናና ህንድ ብድር ቅድመ ሁኔታ የለውም።» ፖሊሲ ለውጡ አይል ይሆናል፤ ከማን እንደሚገዛ ግን ይወስናል። ህንድ ለወንጂ፣ ለፊንጫና ለተንዳሆ ስኳር የፈቀደችው 640 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ የህንድ ብድር ዕቃና አገልግሎቱ በአብዛኛው ከራሷ ከህንድ መገዛት አለበት፤ መደበኛው ልክ 75 በመቶ ነው። ስለዚህ ብድር ሲታወጅ ከወለዱ በፊት የግዥውን አንቀጽ አንብቡ።

ቡና አቅራቢዎችና ላኪዎች ደግሞ ይህን ያዙ፦ ቻይና ከታኅሣሥ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በልማት እጅግ ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች ምርት በሙሉ ቀረጥ ያነሳችው በብሪክስ ምክንያት አይደለም። ኢትዮጵያን የሚመለከታት ከእነዚህ አገሮች ተርታ ስለምትመደብና ከቻይና ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስላላት ነው። የቻይናው ገዢ ከቀረጥ ነፃ የሚያስገባው ቡናው የኢትዮጵያ መሆኑን የሚያረጋግጥ የምርት አገር ምስክር ወረቀት ሲቀርብለት ነው፤ ወረቀቱን ጭነቱ ሳይንቀሳቀስ አስጨርሱ።