46 ዲቢኤም ስንት ዋት ነው?

ደብረ ማርቆስ ወይም ደጀን ላይ ታወር የሚጠግን ቴክኒሻን በማሰራጫው ወረቀት ላይ «46 ዲቢኤም» የሚል ያገኛል። ዲቢኤም ኃይልን ከ1 ሚሊዋት ጋር የሚያነጻጽር መለኪያ ነው። 30 ዲቢኤም 1 ዋት፣ 40 ዲቢኤም 10 ዋት፣ 46 ደግሞ 40 ዋት ገደማ ነው። 3 ሲጨመር ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ከ46 ወደ 43 መውረድ ትንሽ ቅናሽ ሳይሆን ግማሹን ማጣት ነው። «ዲቢ» ብቻውን ሲጻፍ ግን የሁለት ኃይሎች ንጽጽር እንጂ የዋት መጠን አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

40 ዋት ማሰራጫው ወደ አንቴናው የሚልከው እንጂ ከባትሪው የሚስበው አይደለም። በማሰራጫው ውስጥ ሲግናሉን የሚያጎላው ክፍል፣ ማጉያው፣ ብቃቱ 40 በመቶ ከሆነ 100 ዋት ይወስዳል፤ 60ው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በ4ጂ ነገሩ ይብሳል፤ ሲግናሉ አልፎ አልፎ ከአማካዩ 8 ወይም 10 ዲቢ የሚበልጥ ጫፍ አለው። ጫፉ ከተቆረጠ አጎራባች ቻናሎች ስለሚረበሹ ማጉያው ከአቅሙ በታች እንዲሠራ ይደረጋል። ክላስ ቢ የሚባለው ማጉያ በሙሉ ኃይሉ በንድፈ ሐሳብ 78.5 በመቶ ብቃት አለው፤ 6 ዲቢ ሲወርድ ወደ 39፣ 10 ዲቢ ሲወርድ ወደ 25 ይወድቃል። መብራት ሲጠፋ ጮቄ ግርጌ በጄኔሬተር ለሚሠራ ታወር ይህ የናፍጣ ጉዳይ ነው።

ሌላው አማራጭ ዲጂታል ማሰራጫ የሚባለው ነው፤ ኃይሉን የሚያጎላውን ትራንዚስተር እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ይጠቀምበታል፤ ሲበራ ቮልቴጁ፣ ሲጠፋ ከረንቱ ዜሮ አካባቢ ስለሚሆን ሙቀቱ ይቀንሳል። ነጻ ግን አይደለም፤ መቀያየሩ ራሱ ኃይል ይበላል፣ ከቻናሉ ውጭ የሚፈጥረውን ጫጫታ ለማጥፋትም ፊልተር (ማጣሪያ) ይፈልጋል። ፊልተሩ 1 ዲቢ ከወሰደ 20 በመቶ ያህሉ ኃይል እዚያው ቀረ።