በአንድ ፊርማ ያለቀ ባርነት የለም

ስለ አሜሪካ አህጉር ባርነት ሲወራ ከሰው አፍ የማይጠፉ ነገሮች አሉ። ጥቂቱን እንያቸው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሊንከን በ1863 ባሪያዎችን በሙሉ ነፃ አወጣ።»

አላወጣም። ያኔ ያወጣው አዋጅ የሚመለከተው ከአገሪቱ ተገንጥሎ ያመፀውን ደቡብ ብቻ ነው። ባርነት እያለባቸው ከመንግሥት ጎን የቆሙት ግዛቶች፣ ኬንታኪ፣ ሚዙሪ፣ ሜሪላንድና ዴላዌር አዋጁ አልነካቸውም። ቢያስከፋቸው ወደ አማፂው ይዞሩ ነበራ! ቴክሳስ ጋልቨስተን ላይ ደግሞ የነፃነቱ ትእዛዝ የተነበበው ጁን 19 ቀን 1865 ነው፤ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ። ያውም ትእዛዙ ነፃ የወጡትን ሰዎች ካላችሁበት ሳትነቃነቁ በደመወዝ ሥሩ ይላቸዋል። የትናንቱ ጌታ የዛሬ አሠሪ ሆነ ማለት ነው። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ጁንቲንዝ ብላችሁ ከሥራ የምታርፉት በዚህ ቀን ነው። ባርነት በመላ አገሪቱ በሕግ የተከለከለው በዲሴምበር 1865፣ በ13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው።

«የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለ ግዛቶች ሉዓላዊነት ነበር።»

ምን ለማድረግ የሚሆን ሉዓላዊነት? ሚሲሲፒ ለምን እንደምትገነጠል ስታስረዳ ገና ከመጀመሪያው ያነሳችው ባርነትን ነው። የተገንጣዮቹ ሕገ መንግሥትም ሰው በባሪያው ላይ ያለውን የንብረት መብት የሚነካ ሕግ እንዳይወጣ ከልክሏል። በ1850 ወደ ሰሜን ያመለጡ ባሪያዎች ታድነው እንዲመለሱ የፌዴራል ሕግ ሲወጣ ግን፣ ደቡቦቹ የሰሜኖቹ ሉዓላዊነት ትዝም አላላቸው።

«ሄይቲ በ1804 ከፈረንሳይ ነፃ ወጣች፤ አለቀ።»

ምኑ አለቀ? በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከቦች ልካ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ክፈሉ አለች። ካሳው ለቀድሞዎቹ ቅኝ ገዥዎች ነው። ለጠፋባቸው «ንብረት»፣ ባሪያዎቹን ጨምሮ። በ1838 ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ ሄይቲ እሱን ለመክፈል ብድር ውስጥ ተዘፈቀች። አሜሪካ እውቅና የሰጠቻት በ1862 ነው፤ የደቡብ እንደራሴዎች ምክር ቤቱን ጥለው ከወጡ በኋላ።

«አብዛኞቹ አፍሪካውያን የተጋዙት ወደ አሜሪካ ነው።»

አይደለም። ከየትኛውም አገር ይበልጥ ብዙ ሰው የተጋዘው ወደ ብራዚል ነው፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ። ብራዚል ባርነትን ያስቀረችውም ከአሜሪካ አህጉር አገሮች ሁሉ መጨረሻ፣ በ1888 ነው። ከተሸነፉት የአሜሪካ ደቡቦች የተወሰኑት ጓዛቸውን ጠቅልለው የሄዱት ወደዚያው ነበር። ሳን ፓውሎ ግዛት ውስጥ ያለችው አሜሪካና ከተማ ስሟን ያገኘችው ከእነሱ ነው።