ዘመናዊ ባርነትን መከላከል በኮምቦልቻ አነስተኛ የአገልግሎት ድርጅቶች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ኮምቦልቻ ውስጥ የጽዳት፣ የጥበቃ፣ የምግብ ዝግጅትና የጭነት አገልግሎት የሚሰጡ ትንንሽ ድርጅቶች አሉ። ደንበኞቻቸው ፋብሪካዎች፣ ባንኮች፣ ሆቴሎችና መጋዘኖች ናቸው። ይህ ዳሰሳ እነዚህ ድርጅቶች በገዛ ሠራተኞቻቸውና ዕቃ በሚያቀርቡላቸው ሰዎች ዘንድ ዘመናዊ ባርነት እንዳይገባ እንዴት እንደሚከላከሉ ይመለከታል። እኔ ከነሱ በአንዱ የሠራተኛ ጉዳይ እሠራለሁ። ስለ ጽዳትና ጥበቃ ብዙ፣ ስለ ሌላው ጥቂት የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ቃሉ

«ባርነት» ሲባል የሚቆጣ አሠሪ ብዙ ነው። «ሥራ ሰጥቼ ባሪያ ፈንጋይ ልባል?» ይላል። ቁጣው ይገባኛል፤ ቃሉ ከባድ ነው። ዛሬ ግን ቃሉ የሚጠራው ሰንሰለትን አይደለም። ሰው በማስፈራራት፣ በማታለል፣ በዕዳ ወይም ሰነዱ ተይዞበት መልቀቅ የማይችለውን ሥራ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በዘመናዊ ባርነት ውስጥ የነበሩ ሰዎች ወደ 50 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ከነዚህ ውስጥ ወደ 28 ሚሊዮኑ በግዳጅ ሥራ፣ 22 ሚሊዮኑ በግዳጅ ጋብቻ ያሉ ናቸው።

ይኸው ድርጅት የግዳጅ ሥራ ምልክቶች ብሎ 11 ነገሮች ይዘረዝራል። የኛን ቤት አዘውትረው የሚያንኳኩት አራቱ ናቸው፦ መታወቂያ መያዝ፣ ደመወዝ ማቆየት፣ የዕዳ ማነቆና ከልክ ያለፈ የትርፍ ሰዓት ሥራ። አንድ ምልክት ብቻውን ባርነት ነው ማለት አይደለም። ሁለት ሦስት ሆነው ሲደራረቡ ግን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እኔ አንድ ጥያቄ ይበቃኛል፦ ይህ ሰው ነገ ጠዋት «በቃኝ» ቢል መሄድ ይችላል?

ታሪኩ ባጭሩ

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ባሮችን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም ነው። የሰኞ ገበያዋ ባቲ በቅፍለት ዘመን ሰውም ይሸጥባት እንደነበር ሽማግሌዎች ያወሳሉ፤ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ አፋር የሚወርደው መንገድ ዛሬም በዚያው ያልፋል።

ከተማዋ

ኮምቦልቻ ከደሴ የሐረጎን ዳገት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ትገኛለች። የወሎ የኢንዱስትሪ እናት ብላት ማጋነን አይመስለኝም። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት። ቢራ ፋብሪካ፣ የብረታ ብረት ፋብሪካና ደረቅ ወደብም አላት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ 2009 ዓ.ም ነው። በ2014 ዓ.ም ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ከተማዋን ያዘ፤ ብዙ ንብረት ጠፋ፣ ብዙ ሰው ሥራ አጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነፃ የመግባት ዕድሉም ተቋረጠ።

ከተማዋ መተላለፊያም ናት። አንዱ መንገድ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው በባቲና በሚሌ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ የመንና ሳዑዲ ነው። ይህን መንገድ የወሎ ወጣት በቃሉ ያውቀዋል። በ2006 ዓ.ም ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ወሎም ልጆቿን በብዛት ተቀብላለች። ከጽዳት ሠራተኞቻችን ውስጥ ከዓረብ አገር የተመለሱ አሉ። አንዷ ስትቀጠር የመታወቂያዋን ኮፒ ብቻ ወስደን ዋናውን ስንመልስላት ደጋግማ ታየን ነበር። እዚያ ፓስፖርቷ ሦስት ዓመት በአሠሪዋ እጅ እንደነበር በኋላ ነው የነገረችን።

ሕጉ

በሕግ በኩል እጥረት የለብንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ባርነትን፣ በሰው መነገድንና የግዳጅ ሥራን ይከለክላል። አገሪቱ የግዳጅ ሥራን የሚመለከቱትን ሁለቱን የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ዋና ስምምነቶች፣ ቁጥር 105ን በ1991፣ ቁጥር 29ን በ1995 ዓ.ም ተቀብላለች። በሰው የመነገድ ወንጀል በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ይገዛል። አዋጁ በዕዳ መያዝንም እንደ ብዝበዛ ይቆጥረዋል። «ተስማምቶ ነው የመጣው» ማለትም አያድንም።

የዕለት ተዕለት መሣሪያችን ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ዴስኬ ላይ ያለው ቅጂ ጠርዙ ተበልቷል። የሚከተሉትን ከእሱ ነው የማውቃቸው።

መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው በአዘቦት ቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። ከወር ደመወዝ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከሲሶው አይበልጥም። ሠራተኛው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል፤ ሲለቅ ሒሳቡ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈለዋል። የሥራ ልምድ ማስረጃውንም ያለ ክፍያ ያገኛል። የጽሑፍ ውል ከሌለ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲም ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ገንዘብ መቀበል አይችልም።

ቀዳዳም አለ። የግል ዘርፉ አገር አቀፍ ዝቅተኛ ደመወዝ ሳይቆረጥለት ኖሯል። የቤት ሠራተኛም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት። ስለ ሁለተኛው ቀዳዳ ወደ እንጀራ ቤቱ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

የውጭ ሕግም በጓሮ በር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የእንግሊዝ የዘመናዊ ባርነት ሕግ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ36 ሚሊዮን ፓውንድ ያላነሰ ድርጅቶች በየዓመቱ መግለጫ እንዲያወጡ ያዛል። እኛን አይመለከተንም። ግን ልብስ ገዢው ፋብሪካውን ይጠይቃል፣ ፋብሪካው ደግሞ እኛን። መጀመሪያ የደረሰን መጠይቅ ስድስት ገጽ እንግሊዝኛ ነበር። «አዎ፣ አዎ፣ አዎ» ብለን ሞልተን መለስን። ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

አቀጣጠሩ

ነገሩ የሚጀምረው መናኸሪያ ነው። ከለጋምቦ፣ ከተንታ ወይም ከወረባቦ የመጣ ልጅ ከአውቶቡስ ሲወርድ ደላላው ይቀበለዋል። «አብሽር፣ ሥራ አለ» ይለዋል። ማደሪያ ፍራሽ በዱቤ፣ ምግብ በዱቤ። ጥበቃ ለመቀጠር ተያዥ ሲያስፈልግ ገንዘብ ተቀብሎ ተያዥ የሚሆን ሰውም ያመጣለታል። ልጁ አንድ ቀን ሳይሠራ የሁለት ወር ደመወዙን በልቶታል። አሠሪው ይህን ሁሉ ላያውቅ ይችላል። አለማወቁ ግን ልጁን ነፃ አያወጣውም።

ስለዚህ ቅጥር ስንቀበል «ማን አመጣህ? ስንት ከፈልክ? ስንት ቀረብህ?» ብለን እንጠይቃለን። መጀመሪያ ላይ ሁሉም «በራሴ ነው የመጣሁት» ይላል። እውነቱ የሚወጣው የመጀመሪያው ደመወዝ ቀን ነው፤ ያን ቀን በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ካለ ዕዳ አለ ማለት ነው። ደመወዝ በባንክና በቴሌብር ከሆነ ወዲህ ደግሞ ሌላ ምልክት መጥቷል። የሦስት ሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ስልክ ቁጥር ሲገባ፣ ወይም የኤቲኤም ካርዳቸው ካቦው ኪስ ሲገኝ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ተያዥ መጠየቅ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ያከራክራል። የጥበቃ ደንበኞች ያለ ተያዥ አንቀበልም ይላሉ፤ ንብረታቸው ነውና አልፈርድባቸውም። እኛ ለጽዳት ሠራተኛ ተያዥ መጠየቅ ትተናል። መጥረጊያ ይዞ የጠፋ ሰው እስካሁን አላየንም።

መታወቂያን በተመለከተ የራሳችንን ጉድ ልናገር። አንድ ቀን ማኅተም ፈልጌ የሺፍት ኃላፊያችንን መሳቢያ ስከፍት በላስቲክ የታሰሩ 11 መታወቂያዎች አገኘሁ። «እንዳይጠፉ ብዬ ነው» አለኝ። መታወቂያዎቹ ይሁኑ ሰዎቹ አልጠየቅሁትም። በዚያው ቀን ለባለቤቶቹ ተመለሱ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ጥበቃ ሆኖ ሲጀምር መታወቂያው ተይዞበት ስለነበር ደንብ መስሎት ነው።

ዋጋው

ሥልጠና ከመስጠት፣ ፖስተር ከመለጠፍ በፊት ካልኩሌተር ማንሳት ይሻላል። አንድ በር ሌሊትና ቀን ሲጠበቅ በሳምንት 168 ሰዓት ነው። ለ48 ሲካፈል 3.5 ሰው ይመጣል። የዓመት ዕረፍት፣ በዓልና ሕመም ሲታከልበት አራት ግድም ይሆናል። በጨረታ «በሁለት ጥበቃ» ብሎ ዋጋ የሰጠ ድርጅት እያንዳንዱን 84 ሰዓት ሊያሠራ ፈርሟል ማለት ነው። «24 ገብቶ 24 ማረፍ» የሚባለው ልማድ የመጣው ከዚህ ነው። ትርፍ ሰዓቱ አይከፈልም፤ ከተከፈለ ድርጅቱ ይከስራል። ገንዘቡ ሲያጥር ደመወዝ «ለወሩ ግማሽ» ይባላል፣ የቀረው ይቆያል። ሠራተኛው ያ የቀረው እንዳይቀርበት ብሎ አይለቅም። ዕዳው ተገልብጦ ያሠረው እዚህ ላይ ነው።

በዚያ ላይ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለባቸው። ዋጋ ስናስገባ ይህን ሁሉ ዘርዝረን ከደንበኛው ፊት እናስቀምጣለን። ሁለት ጨረታ በዚህ ምክንያት አጥተናል። አንዱ ደንበኛ ከስምንት ወር በኋላ ተመልሶ መጥቷል፤ ሌላው እስካሁን የለም።

አቅራቢዎች

የትንሽ ድርጅት አቅራቢ ትንሽ ነው፦ ዩኒፎርም የሚሰፋ ልብስ ሰፊ፣ ፈሳሽ ሳሙና የሚያዘጋጅ ማኅበር፣ ሚኒባስ፣ ለሠራተኛ ምሳ እንጀራ የሚያቀርብ ቤት። ለነዚህ መጠይቅ መላክ ዋጋ የለውም። ሄዶ ማየት ነው፤ ያውም ሳይነግሩ።

ለማየት የሚከብደው ዝምድና ነው። አንድ የእንጀራ አቅራቢያችን ዘንድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ሄድን። ጓሮው በጭስ ታፍኗል፤ ሦስት ምጣድ ተጥዷል። ሁለቱ ላይ ትልልቅ ሴቶች ናቸው። ሦስተኛው ላይ 13 ዓመት የማይሞላት የምትመስል ልጅ አክምባሎ እያነሳች እንጀራ ታወጣለች።

«ልጅቷ የማን ናት፣ እትዬ?»

«የእኅቴ ልጅ ናት። እንደ ልጄ ነው የማያት።»

«ደመወዝ አላት?»

«የቤት ልጅ ምን ደመወዝ አላት? አበላለሁ፣ አለብሳለሁ።»

በእርግጥ የእኅት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ወሎ ውስጥ የዘመድ ልጅ ማሳደግ የተከበረ ነገር ነው፤ በዚህ ሰበብ ብዙ ልጅ ተምሯል። ነገር ግን ቤት ውስጥ ማገዝ ሌላ፣ ለሽያጭ የሚሆን እንጀራ ከንጋት ጀምሮ መጋገር ሌላ። ለገበያ ሲሆን «የቤት ሠራተኛ» የሚለው ቀዳዳም አይሠራም።

እዚህ ላይ የሚፈተነው ድርጅቱ ነው። ውሉን ወዲያው ብናቋርጥ እጃችን ንጹሕ ይሆናል፤ ልጅቷ ግን ለሌላ ደንበኛ ትጋግራለች። ስለዚህ ጊዜ ሰጥተን፣ ዋጋ ጨምረን፣ በልጅቷ ቦታ ትልቅ ሰው እንድትቀጥር፣ ልጅቷም ትምህርት ቤት እንድትመዘገብ ተስማማን። ድብደባ፣ መቆለፍ ወይም በደላላ የመጣ ልጅ ቢኖር ኖሮ ግን ድርድር የለም። ነገሩ ለፖሊስ ነው። የሥራ ሁኔታ ጥሰት ሲሆን ደግሞ ወደ ከተማው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ይኬዳል።

ቅሬታ

የቅሬታ ሳጥን ሰቅለን ነበር። በአንድ ዓመት የተገኘው አንድ የማስቲካ ወረቀት ነው። አሁን የደመወዝ ማግስት አንዲት ባልደረባችን ጽዳት ሠራተኞቹ ዕረፍት ላይ ሲሆኑ ቡና ታፈላለች፤ ወንድ ኃላፊ አይገባም። ስለ ዕዳው፣ ስለ ካቦውና በሌሊት ሺፍት ስለሚደርሰው ትንኮሳ የምንሰማው ከሁለተኛው ጀበና በኋላ ነው።

ደሴ

በደሴ የዚህ ሥራ ደንበኞች በብዛት ሆስፒታሎች፣ ባንኮችና ሆቴሎች ናቸው። የውጭ ገዢ መጠይቅ ብዙም አይደርስም። ደላሎቹ ግን ሐረጎን እየወጡና እየወረዱ በሁለቱም ከተማ ይሠራሉ።

እንጀራ ቤቱን በሦስተኛው ወር ተመልሰን አየነው። ሦስተኛው ምጣድ ላይ ትልቅ ሴት አለች። «ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት» አሉን። ቅዳሜ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ለመሄድ ቀጠሮ ይዘናል።