ሴንተር ቦር ምንድን ነው? ፍሪ ሀብ ያለው መኪና ላይ ሌላ ቸርኬ ከመግጠም በፊት

ሴንተር ቦር የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ ስፋት ነው። በሚሊ ሜትር ይለካል። የቤት መኪና የሚነዳ ሰው ስለዚህ ቁጥር ሳያስብ ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ። ፍሪ ሀብ ያለው ፎር ዊል ድራይቭ ላይ ግን ቸርኬው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ገበያ ላይ የብሎን ብዛት ይጠየቃል፣ የጎማ ቁጥር ይጠየቃል፣ ዋጋ ይጠየቃል። ሴንተር ቦርን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ፍሪ ሀቡን ሳናውቅ ነገሩ አይገባንምና ከሱ እንጀምር። ላንድ ክሩዘር 70፣ የቆየ ሃይሉክስ ወይም የቆየ ኒሳን ፓትሮል የፊት ጎማ መሃል ላይ «ፍሪ» እና «ሎክ» የሚል የተጻፈበት፣ በእጅ የሚዞር ክብ ነገር ታያላችሁ። «ፍሪ» ላይ ሲሆን ጎማው ብቻውን ይሽከረከራል። ከዲፈረንሻሉ የሚመጣው ዘንግ አብሮት አይዞርም። «ሎክ» ሲደረግ ውስጥ ያለው ባለ ጥርስ ቀለበት ዘንጉንና ጎማውን ያያይዛቸዋል። ያኔ ፎር ዊል ስታስገቡ ኃይሉ የፊት ጎማ ድረስ ይደርሳል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ አስፋልት ላይ የፊት ዲፈረንሻልና ዘንግ በከንቱ አይሽከረከሩም፣ ነዳጅ ይቆጠባል፣ ዕቃውም ይቆያል። ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊው አርተር ዋርን በ1948 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ድርጅት ስሙን የተከለው ለዊሊስ ጂፖች በሠራው ፍሪ ሀብ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉት እነዚያ ጂፖች በዚህ ዕቃ ለአስፋልት ጉዞ ተስማሚ ሆኑ።

ይህ ሁሉ ዕቃ ቦታ ይፈልጋል። ሀቡ ከጎማው ማሰሪያ ፊት፣ ማለትም ቸርኬው ተደግፎ ከሚታሰርበት ጠፍጣፋ ገጽ፣ ወደ ውጭ ብዙ ሴንቲ ሜትር ይወጣል፣ ወፍራምም ነው። ቸርኬው ሲገባ የመሃል ቀዳዳው ይህን ሁሉ ማሳለፍ አለበት። የፋብሪካው የብረት ቸርኬ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ችግር የለበትም። ጣጣው የሚመጣው ሌላ ቸርኬ ሲገዛ ነው።

እስቲ ቁጥሮቹን እንያቸው። ባለ ስድስት ብሎን የሆኑ ብዙ የጃፓን መኪኖች ፒሲዲያቸው አንድ ነው፤ 139.7 ሚሊ ሜትር። ፒሲዲ ማለት በብሎኖቹ መሃል የሚያልፈው ክብ ስፋት ነው። ባለ ስድስት ብሎን ላይ ከአንዱ ብሎን መሃል ፊት ለፊቱ ወዳለው ብሎን መሃል ብትለኩ ታገኙታላችሁ። ቁጥሩ አንድ በመሆኑ «ስድስት ብሎን ሁሉ እርስ በርሱ ይገጥማል» የሚል ወሬ ሰፍቷል። ሴንተር ቦሩን ስታዩ ግን ወሬው ይፈርሳል። የሚትሱቢሺ ፓጄሮ 67.1፣ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. የተሠራው ፕራዶ 106.1፣ የቆየው ፓትሮል 110 ሚሊ ሜትር ነው። የፕራዶ ቸርኬ በቆየው ፓትሮል ብሎኖች ላይ ልክ ይገባል፣ መሃሉ ላይ ግን በ4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይቆማል። አዲሱ ፓትሮል ደግሞ ፍሪ ሀብ ስለሌለው ቀዳዳው ወደ 78 ገደማ ወርዷል። ሁለቱም ፓትሮል፣ ሁለቱም ስድስት ብሎን፣ ሁለቱም 139.7፤ ሆኖም የአዲሱ ቸርኬ ለአሮጌው አይሆንም።

እኛ አገር አምቡላንስና የመስክ መኪና ሆኖ የምናየው ላንድ ክሩዘር 78 እና 79 ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለ አምስት ብሎን ነው፤ ፒሲዲው 150፣ ሴንተር ቦሩ 110። እዚህ ላይ ዕድለኞች ናችሁ፤ የላንድ ክሩዘር 100 እና 200 አሎይ (ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ) ቸርኬ በሁለቱም ቁጥር ይገጥማል። ግን ኦፍሴቱ፣ ማለትም ማሰሪያው ፊት ከቸርኬው ስፋት መሃል የሚርቅበት ልክ፣ 60 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ጎማውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ስለዚህ መሪ እስከ ጥግ ሲዞር ጎማው ውስጥ ካለ ዕቃ ጋር እንዳይነካካ መታየት አለበት። ፍሪ ሀቡ ደግሞ ወደ ውጭ ገፍቶ ይቀራል። የብረቱ ቸርኬ ውስጥ ተከልሎ የነበረው መዞሪያ አሁን ድንጋይና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የሚነካው የመጀመሪያው ነገር ይሆናል። ገደላማ መንገድ ላይ ለሚሠራ መኪና ይህን አልመክርም።

ሌላው የሚረሳው ነገር ጥልቀት ነው። ሻጩ «110 ነው» ቢላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የለካው ግን ከኋላ በኩል ነው። ብዙ አሎይ ቸርኬ ላይ ቀዳዳው ወደ ውጭ ሲሄድ እንደ እንስራ አፍ ይጠባል፤ ጌጡ ክዳን የሚቀመጠው እዚያ ጠባቡ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለት ቦታ ለኩ፦ ከኋላና ከፊት። የሀባችሁንም ርዝመትና ውፍረት ለኩ፤ ከፋብሪካው የመጣውና በኋላ የተቀየረው ሀብ አንድ ዓይነት ርዝመት የላቸውም። ሀቡ ካለፈም በኋላ ጣት ገብቶ መዞሪያውን የሚያዞርበት ክፍተት መኖር አለበት። ጭቃ ውስጥ ቆማችሁ «ሎክ» ማድረግ ካልቻላችሁ ሀቡ ምን ይሠራል?

ሙከራው ሁልጊዜ የፊት ጎማ ላይ ይሁን። ኋላ ላይ ፍሪ ሀብ የለም፤ እንደ ሃይሉክስ ባሉ ፒካፖች ላይማ የኋላው መሃል ጠፍጣፋ ስለሆነ ማንኛውም ቸርኬ የገጠመ ይመስላል።

ሊገባ ያልፈለገውን ቸርኬ በዳዶ ጉልበት ስቦ ማስገባት በጣም አደገኛ ነው። ቸርኬው ማሰሪያው ፊት ላይ ሳይሆን ሀቡ ላይ ያርፋል። ዳዶው የጠበቀ ይመስላል፣ ከኋላው ግን ክፍተት አለ። መኪናው ሲሄድ ቸርኬው ይንቀሳቀሳል፣ ዳዶው ይላላል፣ ብሎን ይቆረጣል። ጎማ ወልቆ የሚሄደው እንዲህ ነው። መቀመጡን ለማረጋገጥ የማሰሪያውን ፊት ከዝገትና ከቀለም አጽድታችሁ ቾክ ቀቡት። ቸርኬውን በዳዶ አጥብቃችሁ መልሳችሁ አውልቁት። ቾኩ ቸርኬው ላይ ዙሪያውን እኩል ከታተመ ተቀምጧል። አንድ ጎን ብቻ ከታተመ ወይም ጭራሽ ካልታተመ አልተቀመጠም።

ቀዳዳውን ማስፋትስ? ቶርኖ ላይ፣ መሃሉ በትክክል ተይዞ፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሠራ ባለሙያ ካገኛችሁ ይቻላል። ግን ሒሳቡን ሥሩ። ፒሲዲው 139.7 ሆኖ ቀዳዳው 110 ሲደርስ፣ የብሎን ቀዳዳው 14 ሚሊ ሜትር ከሆነ በሁለቱ ቀዳዳዎች መሃል የሚቀረው ብረት 8 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዳዶው የሚያርፍበት ሰፋ ያለው ቦታ ከዚያ ላይ የራሱን ይወስዳል። ከ67 ወደ 110 ማስፋት የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ። በግራይንደር መሞረድም መፍትሔ አይደለም፤ ክቡ ይበላሻል።

ስፔሰር፣ ማለትም በማሰሪያው ፊትና በቸርኬው መሃል የሚገባ ወፍራም ቀለበት፣ ማስገባትም የተለመደ ነው። ቸርኬውን ወደ ውጭ ስለሚያወጣው ሀቡ የሚያልፍበት ርዝመት ይቀንሳል። ነገር ግን የስፔሰሩ የራሱ ቀዳዳም ሀቡን ማሳለፍ አለበት፣ የጎማ ኩሽኔታ ላይም ጫና ይጨምራል። ብሎን ላይ ዝም ብሎ የሚሰካው ዓይነት ደግሞ ዳዶው የሚይዘውን ጥርስ ይቀንሰዋል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከጥርስ ወደ ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን ላይ ዳዶው ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር መያዝ አለበት። እየቆጠራችሁ አጥብቁት።

ዳዶውን በተመለከተ፣ የብረት ቸርኬ የሚፈልገው ጫፉ ሾጠጥ ያለውን ነው። ብዙ የቶዮታ አሎይ ቸርኬዎች የሚፈልጉት ግን ቀጥ ያለ አንገትና ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለውን ነው። አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም አይቻልም። ስለዚህ አራቱን ጎማ ወደ አሎይ ቀይራችሁ ስኮርታው የብረት ሆኖ ከቀረ፣ የድሮዎቹን ዳዶዎች አትጣሉ። የአንድ ጎማ ሙሉ ዳዶ ከክሪኩ ጋር መኪናው ውስጥ ይኑር።